ለቫሳክ የታተመው ጨው

የመስቀል በዓል፣ ማታ

አጎቴ ሙሼግ የተሰበረውን ማኅተም ገበታው ላይ ሲወረውር ሥጋው ከጉሮሮዬ ወርዶ ነበር።

ሰሙ ፍርፋሪው መሀል ነጥሮ እናቴ ሳህን አጠገብ ቆመ። የቤታችን ንስር አንገቱ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። ከየት እንደመጣ ማንም አልጠየቀም። አባቴ ከሞተ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኑ መሠዊያ ሥር ተቀምጦ የኖረው የጨው ከረጢት ማኅተም ነው።

"ብሉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ?" አለ አጎቴ። "ጨዉ ጠቦቱ ውስጥ ነው ያለው። ጣፍጦ የለም እንዴ?"

ነገሩን በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ስጽፈው እረጋ ይሆናል። አባቴ ሊሞት ሲል አጎቴን አስምሎታል። ወንድሜ ቫሳክ ድቪን ከተማ ከዓረቦቹ ገዥ ዘንድ መያዣ ሆኖ ተቀምጧል፤ አጎቴ ያስመልሰዋል፤ ቀለበቱንና ቤቱን ያስረክበዋል፤ እስከዚያ ድረስ ጠባቂ ነው። እንደ ልማዳችን ጨው በከረጢት ተቋጥሮ በቀለበቱ ታተመ። መሐላው ሲፈጸም ማኅተሙ ይሰበራል፤ የቤቱ ደም የሆነ ሁሉ ከጨዉ ይቀምሳል። ከቀመሰ በኋላ "ይህ ይቀረኛል" የሚል አይኖርም።

እኔ ቀመስኩ። እንዲያውም ጨምሬ በላሁ፤ ከወይን ለቀማ ስለመጣሁ ርቦኝ ነበር። እናቴም በላች። ቀና ሳትል ነው የበላችው።

ቫሳክ አሁንም ድቪን ነው።

በማግስቱ

ቄስ ኦቫኔስን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠበቅኳቸው። ሲያዩኝ ሊመለሱ ነበር።

"አባ፣ ከረጢቱን ማን ሰጠው?"

"የቤቱ ጠባቂ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት።"

"ወንድሜ ሳይመጣ?"

"ልጄ፣ ወንድምሽ የገዥውን ሃይማኖት ተቀብሏል ይባላል። ስሙንም ቀይሯል አሉ። ለእኛ እንደ ሞተ ነው። የሞተ ሰው አይመለስም፤ ስለዚህ መሐላው የሚፈጸምበት መንገድ የለም፤ ስለዚህ..."

"ማን አለ?"

"አጎትሽ።"

"ለአጎቴስ ማን ነገረው?"

"እሱን አልጠየቅሁም።"

"ሳላውቅ የበላሁትስ ይቆጠራል?"

መቁጠሪያቸውን አፍተለተሉ። "ሥርዓቱ 'የቀመሰ' ይላል እንጂ 'ያወቀ' አይልም። አንቺ ገዳም ገብተሽ የተማርሽ ነሽ፤ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።"

አውቀዋለሁ። የተናደድኩትም ለዚህ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ እራት ላይ ሾርባው ሲመጣልኝ ገፋሁት። አይቡን አሳለፍኩ። ጨው የነካውን ሁሉ አሳለፍኩ። ውሃ፣ ለውዝ፣ ወይን።

ምክንያት አልሰጠሁም። አስቀድሜ ያሰብኩበት ነገርም አልነበረም። እጄ ገፋው፤ እኔም እጄን አልተቃወምኩትም።

የወይን ጭመቃ ሳምንት

ጊዜ የለኝም። እግሬ እስከ ጉልበቴ ቀይ ነው። ኑኔ ለእኔ ብቻ ያለ ጨው ቂጣ እየጋገረች ነው፤ ከምድጃው ጥግ ትለጥፈዋለች። "ምን ዓይነት ዳቦ ነው ይሄ፣ ልጄ? የሕመምተኛ ዳቦ!" እያለች ትጋግራለች። ጡት ያጠባችን እሷ ናት፤ እኔንም ቫሳክንም።

አጎቴ በሠራተኞቹ ፊት፦ "ፍየሎቼ እንኳ ጨው ሲያዩ ይሮጣሉ። የወንድሜ ልጅ ከፍየሎቹም ተራቀቀች።"

ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ያለ ጨው ቂጣዬን እያየኝ በላሁ። እሱ መሳቁን ቀድሞኝ አቆመ።

ከጭመቃው በኋላ እሑድ

ለምን አሁን እንደሆነ ገባኝ።

አጎቴ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰዎቹን ሰብስቦ ነገራቸው። የመሳፍንቱ አለቃ የቤቶቹን አለቆች ሁሉ ከጥምቀት በኋላ ጠርቷል። አንድ ሆነው ለኸሊፋው ሊጽፉ ነው፤ ዘውድ ይላክልን፣ የመሳፍንቱ አለቃ ንጉሣችን ይሁን ሊሉ ነው። ኸሊፋው የራሱ ጣጣ በዝቶበታል፤ እምቢ ማለት አይችልም አሉ። ሽማግሌው የፈረስ ባልደራስ አለቀሰ። የአያቶቻችን አያቶች እንኳ ንጉሥ አላዩም።

እኔም ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ ውሸት አይሁን። ደስ ብሎኝ ሳለ ቀጥሎ ያለውን ሰማሁ።

በጉባኤው እያንዳንዱ የቤት አለቃ በማዕረጉ ተራ በትራሱ ላይ ይቀመጣል። ጠባቂ ግን ትራስ የለውም። ጠባቂ በር አጠገብ፣ ጫማ ከሚወልቅበት ዘንድ ነው የሚቀመጠው።

ንጉሥ ሊነግሥ ነው፤ አጎቴ ደግሞ ከጫማዎቹ መሀል መቀመጥ አይፈልግም። ወንድሜን የሸጠው በትራስ ነው።

ማክሰኞ

እናቴ ትራሱን እየሰፋች ነው። የወርቅ ክር፣ የንስር ቅርጽ። ቀዩ ጨርቅ አጠረባትና የአባቴን ካባ ከሣጥን አውጥታ ቆረጠችው።

"ብል ሊበላው ነበር" አለችኝ ሳልጠይቃት።

ብል አልነበረበትም። ካባውን በየዓመቱ ፀሐይ ላይ የማሰጣው እኔ ነኝ።

አጎቴ ሲገባ ትራሱን መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠበት፤ ተነሣ፤ እንደገና ተቀመጠ። "ጉልበቴን እንዴት ላድርገው፣ ህራኑሽ? እንዲህ ነው ወይስ እንዲህ?" እናቴ ስቃ ጉልበቱን በእጇ አስተካከለችለት። እንደዚያ ስትስቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ወጥቼ ፈረሶቹን ለማየት ሄድኩ።

የወይኑ አፈር ማልበሻ

ብርድ ሊገባ ነው። ወይኑን ጎንበስ እያደረግን አፈር እናለብሳለን። ከዚያ ብርዱ እስኪወጣ ድረስ የቀብር ቦታ ይመስላል።

ዛሬ እናቴ የጦስኝ አይብ ስትሠራ አየኋት፤ ቫሳክ የሚወደውን። ሕፃን ሳለ ማድጋው ውስጥ ክንዱን እስከ ብብቱ አስገብቶ ይልስ ነበር። ራሷ እያሸች ነበር፤ ገረዶቹን አስወጥታቸዋለች። የወጥ ቤቱ ጨው ሙሉ ገንቦ አጠገቧ ቆሞ ሳለ ከትንሽ የቆዳ ከረጢት ነበር የምትቆነጥረው።

"ለማን ነው?" አልኳት።

"ለወንድምሽ። ባርሳውማ ወደ ድቪን ሲወርድ ይወስድለት። ከቤቱ አንድ ነገር ይቅመስ።"

ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ጦስኙ ነው።

ባርሳውማ የመጣ ዕለት

ባርሳውማ ሶርያዊ ነጋዴ ነው። በበልግና በብርዱ መግቢያ በሸለቋችን ያልፋል፤ የብርጭቆ ዕቃ፣ መርፌ፣ ወሬ ይዞ። ወሬውን በነጻ ይሰጣል፤ መርፌው ግን ውድ ነው።

እራት ላይ አይቡን ሳሳልፍ አየኝ። "እመቤቴ ቫኔኒ፣ ስእለት ነው?"

አጎቴ ቀደመኝ። "ወደ ገዳሟ መመለስ አምሯት ይሆናል። እኔስ መች ከለከልኳት? በቅሎም እሰጣታለሁ።"

"በቅሎዋን ያስቀምጡልኝ" አልኩ። "ታስፈልገኝ ይሆናል።"

በኋላ ባርሳውማን ጋጣው በር ላይ አገኘሁት። ቫሳክን አይቶት እንደሆነ ጠየቅሁት። አይቶታል። ደህና ነው። ረዝሟል። ዓረብኛው እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ከገዥው ልጆች ጋር ፈረስ ይጋልባል፤ ጥምጥም ያስራል።

"ይጸልያል?"

"እመቤቴ፣ እኔ ብርጭቆ ሻጭ ነኝ።"

"ይጸልያል ወይ አልኩህ። ወዴት ዞሮ ነው የሚጸልየው?"

"ብርጭቆ የሚሸጥ ሰው" አለ በቅሎውን እየጫነ፣ "ድንጋይ ወዳለበት አይዞርም።"

አልተጫንኩትም። መልሱን ለመስማት ቸኩዬ አልነበረም።

ሲነሣ ኑኔ መንገዱ ላይ ይዛው ብዙ ተነጋገሩ። እሷ እጇን ታወናጭፋለች፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ስለ ቂጣው እንደምታማርር ገምቻለሁ።

የመጀመሪያው በረዶ

ከስቻለሁ። ያለ ጨው ሁሉም ነገር አንድ ነው፤ እንቁላሉም፣ ስንዴውም፣ ጎመኑም። ሌሊት በአፌ ጨው እቀምሳለሁ፤ ነቅቼ ሳየው የራሴ ከንፈር ነው፤ ተሰንጥቋል።

በሸለቆው ወሬ ሆኗል። ወፍጮ ቤት ሁለት ሴቶች ሲነጋገሩ ሰማሁ፤ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ።

"ልጅቷ እኮ የበላችውን እየተፋች ነው።"

"ምን ይተፋል፣ የወረደ ወረደ። ባል ቢሰጧት ይለቃታል።"

"ማን ያገባታል? ቅምጥል ናት፤ መጽሐፍ ታነባለች።"

"እኔ ግን እውነቱን ልንገርሽ? ከጠባቂው ቤት አሁን ጨው መበደር አፍራለሁ።"

ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ለማንም አልነገርኩም። ራት ግን ቀለለኝ።

ጾም የገባ ሳምንት

አጎቴ ዛሬ ቁም ነገር ተናገረኝ። ያለ ቀልድ። ያም ያስፈራል።

"ተቀመጪ። ልጅ አይደለሽም፤ እንደ ትልቅ ሰው ላናግርሽ። ወንድምሽ የሄደው ፂም ሳያበቅል ነው። የገዥው እንጀራ አሳድጎታል። ነገ ቢመጣ ማን ሆኖ ነው የሚመጣው? ንጉሥ ልናቆም በተነሣንበት ሰዓት የገዥውን ወዳጅ በቤታችን ራስ ላይ ላስቀምጥ? መሳፍንቱ ምን ይሉናል? ከወንዙ ማዶ ያለውን ቤት አላየሽም? ሁለት ወራሾች ተጋጩ፤ አሁን ግንቡ ውስጥ የሚኖረው ቁራ ነው።"

"መሐላዎትስ?"

"የማልኩት ለወንድሜ ቤት ነው። ቤቱ ቆሟል። ጣሪያ አለሽ፤ እሳት አለሽ።"

ሞኝነት አልተናገረም። ከተናገረው ውስጥ እኔ ራሴ ያሰብኩት አለ። ወፍጮ ቤት ከሰማሁት ይልቅ ይህ አሳመመኝ።

"ሊመጣ ይችላል ወይ ብለው ጠይቀውታል?" አልኩት።

እሳቱን ቆሰቆሰ።

አርብ

አይጽፍም እጄ። ብርድ።

ቫሳክ ሲሄድ ፈረስ እያስተማረኝ ነበር፤ እስከ ማስጋለብ አልደረስንም። የቀረውን ራሴ ተማርኩት። ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም፤ ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም። ጉዳዩ የሥርዓት ጉዳይ ነው። ማንም ሰው ቢሆን እንደዚሁ አደርግ ነበር።

በአንድ ቀን የምናከብራቸው የልደትና የጥምቀት ዋዜማ

ዛሬ የሆነውን ከራሱ ጀምሬ እጽፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ባርሳውማ በበረዶው ውስጥ መጣ። በዚህ ወቅት መጥቶ አያውቅም። ጺሙ በረዶ ጋግሯል። ወደ አጎቴ ሳይሆን ወደ ወጥ ቤት ገባ፤ ካባው ሥር ያቀፈውን ፊቴ አስቀመጠው። የእናቴ ማድጋ ነው፤ በራሷ ሻሽ እንደታሰረ፣ ክዳኑ ላይ ያለው ሊጥ እንኳ አልተነካም።

"አልበላውም?"

"እመቤቴ፣ ስሰጠው ዓይኑ በራ። ቢላ አወጣ። እኔ ደግሞ ወሬ መያዝ አልችልም። ኑኔ የነገረችኝን ነገርኩት፤ እህትህ ከመስቀል ጀምራ ጨው አቁማለች፤ ያንተን ጨው አብልተዋት ነው አልኩት። ቢላውን መልሶ አገባው። ማድጋውን እንዲሁ ሲያየው ቆየ። ከዚያ 'እናቴ ናት የሠራችው?' አለኝ። አዎ አልኩ። 'መልስላቸው' አለ።"

ኑኔ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀመጠች።

ያ ትንሽ የቆዳ ከረጢት! አይቼው ነበር እኮ። ቆሜ እያየሁት ስለ ጦስኝ አሰብኩ።

"ሌላስ ምን አለ?"

"ይህን ከእሱ የሰማሁት አሁን ነው፤ ከመስቀል በፊት፣ በሙቀቱ ወራት ገዥው መያዣዎቹን ለቋል፤ ለዘውዱ ነገር ከመሳፍንቱ ጋር መጣላት አልፈለገም። ሕጉን ታውቂያለሽ፤ ከገዛ ቤቱ ሰው ፈረስ ይዞ መጥቶ እጁን ካልያዘው መያዣ በራሱ እግር አይወጣም፤ ከወጣ እንደ ከዳተኛ ይቆጠራል። ለሁሉም መጡላቸው። እሱ በየማለዳው በሩ ጋ ይወጣል። 'ፈረስ የሚያመጣ ሰው እየጠበቅሁ ነው በላት' ብሎኛል።"

ገዥው አልነበረም የያዘው። እኛ ነን።

የዋዜማው ገበታ ተዘርግቶ ነበር፤ ዓሣው፣ ጎመኑ። አጎቴ ነገ ውሃው ከተባረከ በኋላ ወደ ጉባኤው ስለሚነሣ አዲሱ ትራስ ላይ ተቀምጧል። ቄስ ኦቫኔስም ነበሩ። ማድጋውን ገበታው መሀል አስቀመጥኩት።

እናቴ ሻሿን አወቀችው።

"ምንድን ነው?" አለ አጎቴ።

"ለሞተ ሰው የተላከ አይብ" አልኩ። "ሟቹ መልሶታል። አባ፣ ወንድሜ ለቤታችን እንደ ሞተ ነግረውኛል። ለሞተ ሰው የመሐላ ጨው ለምን ይላካል? ደማችን ካልሆነ መቅመሱ ምን ያደርጋል?"

ዓሣው ቀዘቀዘ።

"በአይቡ ውስጥ ያለው የትኛው ጨው ነው?" አሉ ቄሱ። ወደ አጎቴ አልነበረም የዞሩት፤ ወደ እናቴ ነበር።

እናቴ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። "ከከረጢቱ የተረፈው" አለች። "እሱም ይቅመስ፣ ነገሩ ይለቅ፣ በሰላም ይኑር ብዬ ነው። እዚያ ይሞቀዋል ብለውኛል።"

ቄስ ኦቫኔስ ተነሡ። ድምፃቸው ከወትሮው ቀጭን ነበር። "ሥርዓቱ 'የቤቱ ደም ሁሉ' ይላል። ልጁ አልቀመሰም። መሐላው አልተዘጋም። እኔ... ሳልጠይቅ ከረጢቱን ማስረከብ አልነበረብኝም።"

አጎቴ አልተቆጣም፤ ሳቀ። "እሺ፣ አልተዘጋም። ታዲያ? ሰዎቼ ሁሉ ነገ ከእኔ ጋር ይሄዳሉ። ለልጁ ፈረስ የሚወስድለት ማነው? ቄሱ?"

"እኔ ነኝ። የቤቱ ደም ነኝ።"

"በሴት ልጅ እጅ ከመያዣ የወጣ ወንድ አይቼ አላውቅም።"

"አንተ ታያለህ" አልኩት። "በሩ አጠገብ፣ ጫማዎቹ ጋ ስትቀመጥ ጊዜ ይኖርሃል።"

አንተ ያልኩት አስቤበት አይደለም። ከተናገርኩት በኋላ ግን ወደ እርስዎ የምመልስበት ምክንያት አጣሁ።

እናቴ የጨው ዕቃውን አንሥታ ከራሷ አራቀችው፤ ዓሣዋን እንዲሁ በላች። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ስመለስ እጠይቃት ይሆናል።

ሊነጋ ሲል

ሁለት ፈረሶች ተጭነዋል፤ አንዱ ባዶ ኮርቻ ነው። ያለቀሰው ሽማግሌ ባልደራስ ራሱ ነው የጫናቸው፤ ማንም አላዘዘውም። ቄስ ኦቫኔስ ምስክር ሆነው ይከተሉኛል፤ ባርሳውማ መንገዱን ያውቃል። ኑኔ ያለ ጨው ቂጣ በከረጢት ሞልታልኛለች። "የሕመምተኛ ዳቦ" አለች እንደገና፤ ከዚያ ፊቷን አዞረች።

ቫሳክ ወዴት ዞሮ እንደሚጸልይ አላውቅም። ስሙን ማን ብለው እንደሚጠሩትም አላውቅም። መንገድ ላይ እጠይቀዋለሁ፤ የሚመልስልኝን እሰማለሁ፤ መልሱ ምንም ቢሆን ፈረሱን አልመልሰውም። ንጉሥ የሚነግሥ ከሆነ ይንገሥ፤ እኔም እሰግድለታለሁ። ግን ያ ዘውድ በር ላይ ቆሞ በሚጠብቅ ልጅ ራስ ላይ የተረማመደ ከሆነ አልቀበለውም። ለሰላም ሲባል ዝም በይ መባልን አልቀበልም። አብልተውኝ ሲያበቁ የበላሁትን መነገርን፣ የአባቴን ካባ ትራስ ሆኖ ማየትን፣ በሕይወት ያለ ሰው እንደ ሞተ ሲቆጠር አንገት መድፋትን አልቀበልም።

ከእንግዲህ ማንም የራሱን መሐላ በእኔ አፍ አይውጥም።